ዲሽዋሸሩ አጥቦ ሲጨርስ ውሃው ከሥር ተኝቶ ይቀራል፤ ምን ላድርግ?

የማርታ ጓዳ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ። ለበዓሉ እንግዳ ስለበዛብን ዲሽዋሸሩን ከወትሮው ደጋግመን አሠራነው። አሁን አጥቦ ሲጨርስ ስከፍተው ከሥር ቅባት የያዘ ቀላ ያለ ውሃ ተኝቶ ይቀራል። ዕቃው ንጹሕ አይደለም፣ ሽታም ጀምሯል። በስፖንጅ እየቀዳሁ አውጥቼ እንደገና ባሠራውም ያው ነው። ቤቱ የራሳችን ስለሆነ የምንጠራው ሜንቴናንስ የለም፤ ባለሙያ ደግሞ መጥቶ ለማየት ብቻ የሚያስከፍለው ቀላል አይደለም። ከመጥራቴ በፊት ራሴ ላየው የምችለው ነገር ካለ ንገሩኝ።

ጠጋኙ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

እንኳን አብሮ አደረሰን እህቴ። ምንም ሳትነኪ መጀመሪያ እነዚህን መልሺልኝ። ውሃውን ማስወጣት በሚገባው ሰዓት ማሽኑ ይጮኻል ወይስ ዝም ነው? ውሃው በሲንኩ በኩል ተመልሶ ይመጣል? በቅርቡ ከሲንኩ ሥር የተነካ ወይም የተቀየረ ነገር አለ?

ድምፁን የምጠይቅሽ ብዙ ስለሚናገር ነው። ፓምፑ እየጮኸ ውሃው ካልሄደ ወይ ውስጡ እየዞረ ውሃውን የሚገፋው ምላስ ላይ አንድ ነገር ተሰንቅሮበታል ወይ መንገዱ ተዘግቷል። ጭራሽ ዝም ካለ ግን ፓምፑ ራሱ ሞቷል ወይም ኤሌክትሪክ አልደረሰውም። ሁለቱ የተለያየ ሥራ ናቸው፣ ወጪያቸውም እንደዚያው።

የማርታ ጓዳ

ይጮኻል፣ እንዲያውም ከድሮው ይበልጣል። በሲንኩ በኩል የሚመጣ ነገር የለም። ከሲንኩ ሥር ያለው ጋርቤጅ ዲስፖዛል (የምግብ ትርፍራፊ የሚፈጨው) ተበላሽቶ ከበዓሉ ትንሽ ቀደም ብሎ በአዲስ ተቀይሯል። ዲሽዋሸሩን ግን ማንም አልነካውም።

ጠጋኙ

እንግዲያው ዲሽዋሸሩን ከመፍታትሽ በፊት ዲስፖዛሉን እይ። አዲስ ዲስፖዛል ከፋብሪካ ሲወጣ የዲሽዋሸሩ ጎማ የሚገባበት ጎን ላይ ያለው ቀዳዳ በፕላስቲክ የተደፈነ ነው። ዲሽዋሸር የሌለው ሰውም ስለሚገዛው ሆን ተብሎ ነው እንደዚያ የሚሠራው። የሚገጥመው ሰው ያንን ድፋን መትቶ ካላወጣው ጎማው በፋሼታ ጥብቅ ብሎ ታስሮ ውሃው ግን መሄጃ አይኖረውም። በዚህ ሥራ ላይ ስቆይ ካየኋቸው ሁሉ በጣም የተለመደው ይኸው ነው፤ ሰዎች ደህናውን ማሽን እስከ መጣል የሚደርሱበት ስለሆነ ሁሌ ያሳዝነኛል።

እንዲህ አድርጊ። የዲስፖዛሉንም የዲሽዋሸሩንም ብሬከር አጥፊ። ከሥር ባልዲ አስቀምጪ፣ ጎማው ውስጥ ያለው ውሃ ይፈሳል። ፋሼታውን በካቻቢቴ አላልተሽ ጎማውን ሳቢው። በቀዳዳው ውስጥ በባትሪ እይ። ፕላስቲክ ካየሽ ካቻቢቴውን አስገብተሽ በመዶሻ ቀስ ብለሽ ምቺው፣ ወደ ውስጥ ይወድቃል። የወደቀውን ቁራጭ በዲስፖዛሉ አፍ በኩል በፒንሳ አውጪው፤ እጅሽን አታስገቢ፣ ቁራጩም ውስጥ አይቅር።

ድፋን ካላገኘሽ ደግሞ ጎማው ከሲንኩ ሥር ታጥፎ እንደሆነ ተመልከቺ። ጎማው ወደ ዲስፖዛሉ ከመግባቱ በፊት እስከ ሲንኩ የላይኛው ጠርዝ ድረስ ከፍ ብሎ መታሰር አለበት። ወለል ለወለል ከተጋደመ የሲንኩ ቆሻሻ ውሃ ተመልሶ ማሽኑ ውስጥ ይገባል፣ ሽታውም ከዚያ ነው የሚመጣው።

ሰላም ከሰሚት (አዲስ አበባ)

እኛ ዲስፖዛል የለንም፣ ጎማው በቀጥታ ሲፎኑ ላይ ነው የገባው። ግን ተመሳሳይ ነገር ደርሶብኝ ያገኘሁት የረጋ ቅቤ ነው። ሲፎኑን ስፈታው ጎማው የሚገባበት አፍ በንጥር ቅቤና በበርበሬ ተደፍኖ ነበር። የዶሮ ወጥ ድስት በሚታጠብበት ቤት ይህን ቦታ በየጊዜው ፈትቶ ማየት ያስፈልጋል። ቅቤው ማሽኑ ውስጥ በሙቅ ውሃ ይቀልጣል፣ ቀዝቃዛው ቧንቧ ሲደርስ ደግሞ ይረጋል።

የማርታ ጓዳ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ድፋኑ እዚያው ነበር። ባለቤቴ ፋሼታውን ፈታው፣ ድፋኑን እንዳሉት መታነውና ወጣ። ማሽኑ ውሃውን ወዲያው አስወጣ። ዲስፖዛሉን የገጠመልን ሰው ስለዚህ አንድም ነገር አልተናገረም።

እግረ መንገዴን አንድ ልጨምር። ብርጭቆዎቼ ሁሉ ነጭ ጉም የለበሱ መስለው ነው የሚወጡት። እናቴ ድሮ እዚህ ስትኖር በዚያው ዓይነት ሳሙና እንዲህ አልነበረም ትላለች። ፊልተሩንስ እንዴት ነው የማጸዳው?

ጠጋኙ

ደስ ብሎኛል። እናትሽ እውነታቸውን ነው። ድሮ የዲሽዋሸር ሳሙና ውስጥ ፎስፌት በብዛት ነበረ፤ የውሃውን ካልሲየም ይዞ ስለሚያቆየው ብርጭቆ ላይ አይለጠፍም ነበር። ፎስፌት ወንዝና ሐይቅ ውስጥ ሲገባ አልጌ እያበዛ ዓሣውን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2010 ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን ጨምሮ 16 ክፍለ ግዛቶች በሳሙናው ፎስፌት ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ከሳሙናው 0.5 በመቶ እንዳይበልጥ ከለከሉ። አምራቾችም ለመላው የአሜሪካ ገበያ ቀመራቸውን ቀየሩ። አውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2017 ተከተለ። ስለዚህ የሳሙናው ስም ያው ቢሆንም ውስጡ ሌላ ነው። ጥቅሙ ለሁላችንም ስለሆነ አልቃወመውም፤ ግን አሁን የማድረቂያ ፈሳሹን ሳይሞሉ ማጠብ አይቻልም። ከሳሙናው ሳጥን ጎን ያለችው ክብ ክዳን የእሱ ናት።

ሌላው የውሃው ሙቀት ነው። የአሜሪካ ዲሽዋሸር ከሙቅ ውሃ መስመር ጋር ነው የሚገናኘው። ማሽኑን ከማስነሳትሽ በፊት የሲንኩን ሙቅ ውሃ ትኩስ እስኪሆን ልቀቂው፤ አለዚያ ቧንቧው ውስጥ የቀዘቀዘው ውሃ ነው መጀመሪያ የሚገባው። 120 ፋራናይት፣ ማለትም 49 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው።

ፊልተሩ ከሥር መደርደሪያው ሥር ያለው ክብ ነገር ነው። ወደ ግራ አዙረሽ ታነሺዋለሽ። በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና እጠቢው፣ በሽቦ አትፈትጊው። ሲመለስ እስኪቆለፍ አዙሪው፤ ካልተቆለፈ ፍርፋሪው አልፎ ፓምፑ ውስጥ ይገባል። ሥራሽን ስትጀምሪ ጓንት አድርጊ፣ የተሰበረ ብርጭቆ ስባሪ የሚሰበሰበው እዚያ ነው።

ሐና ዘ ሙኒክ

እዚህ ጀርመን ሁሉም ማሽን የጨው ጉድጓድ አለው፤ ብዙ ሐበሻ ግን ሳይሞላው ይቀራል። ጨው ዕቃውን አይነካም። ማሽኑ ውስጥ ካልሲየምና ማግኒዥየምን የሚይዝ ሙጫ መሰል ነገር አለ፤ ሲሞላ በጨው ውሃ ታጥቦ እንደገና ይታደሳል። የምግብ ጨው ግን አታድርጉ፤ አዮዲንና እንዳይጓጉል የሚጨመርበት ነገር ስላለው ሙጫውን ያበላሻል። ከአገር ቤት የመጣ አሞሌም ቢሆን ያልተጣራ ስለሆነ አይሆንም። ጨው ስትሞሉ ጥቂት መፍሰሱ አይቀርም፤ ብረቱን እንዳይበላው ወዲያው አንድ ዙር አሠሩት።

ጠጋኙ

ትክክል። ማርታ፣ አብዛኞቹ የአሜሪካ ማሽኖች ይህ ጉድጓድ የላቸውም፣ ፈልገሽ ብታጪው አትጨነቂ።

የሰው አገር እህት (ዱባይ)

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ። እኔ የሰው ቤት ነው የምሠራው። እዚህም ብርጭቆው ነጭ እየሆነ ማዳም እኔ በደንብ ያላጠብኩ ይመስላታል። ጨውም ሞልቼ፣ ሳሙናም ጨምሬ አየሁት፤ ጭራሽ ባሰበት። ምን ብዬ ላስረዳት?

ጠጋኙ

እህቴ፣ ያንቺ ጥፋት እንዳልሆነ የምታሳዪበት መንገድ አለ። አንዱን ብርጭቆ ነጭ ኮምጣጤ በነከረ ጨርቅ እሺው። ነጩ ከለቀቀ የውሃ ኖራ ነው፣ መድኃኒቱ ጨውና ማድረቂያ ፈሳሽ ነው። ካልለቀቀና በጣትሽ ስትዳስሺው ሻካራ ከሆነ ግን መስታወቱ ራሱ ተበልቷል፤ እሱን የሚመልሰው ነገር የለም።

የዱባይ የቧንቧ ውሃ ከባሕር ተጣርቶ የሚመጣ ነው፣ በባሕርዩ ለስላሳ ነው፣ ማለትም ኖራው ጥቂት ነው። ለስላሳ ውሃ ላይ ሳሙና ሲበዛና ሙቀቱ ሲጨምር መስታወት ይበላል። ስለዚህ ያንቺ መፍትሔ የሌሎቹ ተቃራኒ ነው፤ ሳሙናውን ቀንሺ፣ ለብርጭቆ የተዘጋጀውን ዝቅተኛ ሙቀት ምረጪ፣ የማሽኑን የውሃ ጥንካሬ ማስተካከያ ወደ ዝቅተኛው አውርጂ። ይህ ሁሉ በማሽኑ መመሪያ ላይ በአረብኛና በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ያንን ገጽ አሳያት፣ ኮምጣጤውንም እሷ እያየች ብርጭቆው ላይ ሞክሪው።

የሰው አገር እህት

ጋሼ ተባረክልኝ። በኮምጣጤ አልለቀቀም። ገጹን ዛሬ ማታ አሳያታለሁ።

ሙሉ ጤና

እኔ በየእጥበቱ አንድ ኩባያ ኮምጣጤ ከሥር አፈስሳለሁ፤ ሽታ የለ፣ ኖራ የለ። አንዳንዴ በረኪናም ጠብ አደርግበታለሁ። ለምን ትቸገራላችሁ?

ጠጋኙ

ወዳጄ፣ እባክህ ሁለቱን በአንድ ማሽን አታገናኛቸው። በረኪናና ኮምጣጤ ሲቀላቀሉ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በተዘጋ ወጥ ቤት፣ በሙቅ ውሃ ላይ፣ ሳንባ የሚጎዳ ነገር ነው። በረኪና ለብቻውም የማይዝገውን ብረት ያበላሻል። ኮምጣጤ አልፎ አልፎ አይጎዳም፣ በየእጥበቱ ከሆነ ግን የበሩንና የጎማዎቹን ላስቲክ ያደርቃል። ሲትሪክ አሲድ በማንኪያ ጥቂት አድርጎ ባዶውን ማሽን በከፍተኛው ሙቀት ማሠራት ይሻላል፤ ይህም አልፎ አልፎ ይበቃል።

ሽታን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚረሳው ቦታ የበሩ የታችኛው ጠርዝ ነው። ውሃው አይደርስበትም፣ ቅባቱ እዚያ ይጠራቀማል። በሩን ከፍታችሁ በሳሙና ጨርቅ ጥረጉት።

ሰላም ከሰሚት

ሌላው የኛ ቤት ነገር ሹሮ ነው። የደረቀ ሹሮ በ50 ዲግሪው ቁጠባ ፕሮግራም አይለቅም። ለእንደዚህ ያለው 65 ወይም 70 ዲግሪውን ምረጡ። ሳህኑን ግን አስቀድማችሁ አጥባችሁ አታስገቡ፣ ፍርፋሪውን ጥረጉ እንጂ። በሳሙናው ውስጥ ስታርችና ፕሮቲን የሚበሉ ኢንዛይሞች አሉ፤ ሥራቸው እሱ ነው።

የማርታ ጓዳ

እናቴ ከአገር ቤት ያመጣችልኝን ድስት አስገብቼው ጠቁሮ ወጣ። ይህም ከማሽኑ ነው?

ሐና ዘ ሙኒክ

አልሙኒየም ከሆነ አዎ። የዲሽዋሸር ሳሙና አልካላይን ስለሆነ የአልሙኒየሙን ስስ ልባስ ይበላዋል። ውሃና የሎሚ ጭማቂ አድርገሽ ብታፈዪበት ይነጣል፤ ዳግመኛ ግን አታስገቢው። ጀበናም እንዲሁ፤ ሸክላው ሳሙናውን ይመጥና ቡናው ላይ ይሰጣችኋል። ወርቃማ ጠርዝ ያለው ሲኒ ወርቁ ይለቃል። የእንጨት ማማሰያ ይሰነጠቃል። እርድ የነካው ነጭ ፕላስቲክ ደግሞ ቢጫነቱን ለጎረቤቱ ሁሉ ያካፍላል፣ ለብቻው እጠቡት።

አያት ዞን (አዲስ አበባ)

እኔ ያለሁበት የተለየ ነው። ማሽኑ ገና ሲነሳ ውሃ አልገባም ብሎ ይቆማል። ቧንቧው ግን ይፈሳል። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ከጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ ነው የምንጠቀመው። ሻጩ ማሽኑ ደህና ነው ይለኛል።

የቧንቧ ባለሙያ (አዲስ አበባ)

ሻጩ እውነቱን ሊሆን ይችላል። የቧንቧ ውሃ መፍሰሱ አይበቃም፣ ግፊት ያስፈልጋል። አብዛኞቹ ማሽኖች ቢያንስ 0.5 ባር ይላሉ፣ በመመሪያው ላይ ተጽፏል። ከፍታ ሲሰላ 10 ሜትር 1 ባር ነው። ስለዚህ ሮቶው ከማሽኑ መግቢያ በላይ 5 ሜትር ካልሆነ ግፊቱ አይሞላም። ባለ አንድ ፎቅ ቤት ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ ብዙ ጊዜ ከዚህ በታች ነው። ያ ሳይሆን ባለ አምስት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከታች ያለ ሰው ግን ችግር አይኖርበትም።

ግን ፓምፕ ከመግዛትህ በፊት ጎማውን ፍታ። ውሃውን ከቁልፉ ዝጋ፣ የመግቢያውን ጎማ ከማሽኑ ጀርባ አላቅ፣ ውስጡ ትንሽ ወንፊት አለ። በፒንሳ ስበህ አውጣው። በቦቴ በመጣ ውሃ ወይም ከተቋረጠ በኋላ በሚመጣው ድፍርስ ውሃ አሸዋና ዝገት ይሞላዋል። ወንፊቱን ጥለህ አትግጠም፤ አሸዋው ቫልቩ ውስጥ ከገባ ቫልቩ አይዘጋም፣ ያኔ ማሽኑ ጠፍቶ እያለም ውሃ ይሞላል። ውሃ ሲመለስም መጀመሪያ የሲንኩን ቧንቧ ልቀቅና ጠርቶ ሲወርድ ብቻ ማሽኑን አስነሳ።

ሦስተኛው ቦታ ማሽኑ ውስጥ ከፊት ጥግ ያለችው ተንሳፋፊ ክዳን ናት። ቀና ብላ ከቀረች ማሽኑ ውሃ የሞላበት ይመስለዋል። በእጅህ ከፍ ዝቅ አድርጋት፣ ልቅ መሆን አለባት። ሁሉም አይነት የላትም።

አያት ዞን

ወንፊቱ ጭቃ ነው የሚመስለው፤ አጥቤዋለሁ። አሁን ውሃ ይገባል፣ ግን በጣም ቀስ ብሎ ነው፣ አንዳንዴም ይቆማል። ከፍታውን ስለካው ሦስት ሜትር ገደማ ነው።

የቧንቧ ባለሙያ

እንግዲያው ግፊት የምትጨምር ትንሽ ፓምፕ ያስፈልግሃል፣ ራሷ የምትነሳና የምትጠፋዋን ፈልግ። ኤሌክትሪኩንም ተመልከት። ማሽኑ ውሃ ሲያሞቅ 2,000 ዋት አካባቢ ይወስዳል፣ በ220 ቮልት ወደ 9 አምፔር ማለት ነው። በዲቫይደር አትሰካው፣ ከግድግዳው ሶኬት በቀጥታ ይሁን፣ የመሬት መስመርም ይኑረው። እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ በሚጋገርበት ሰዓትም አታስነሳው፤ ምጣዱ ብቻውን 3,500 ዋት አካባቢ ነው።

ኮንቴይነር እየሞላሁ (ሲያትል)

ስለ አዲስ አበባ ካነሳችሁ፣ የኔን ዲሽዋሸር ከዚህ ልልከው ነበር። ትራንስፎርመር ካደረግኩበት ይሠራል አይደል?

ጠጋኙ

አልመክርህም። ትራንስፎርመር 220ውን ወደ 120 ቮልት ያወርዳል፣ ድግግሞሹን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ፣ ግን አይቀይርም። አሜሪካ 60 ኸርዝ ነው፣ ኢትዮጵያ 50። ለ60 የተሠራ የፓምፕ ሞተር በ50 ላይ ወደ 17 በመቶ ዝግ ብሎ ይዞራል፣ ይግላልም። በዚያ ላይ ማሽኑ ሙቅ ውሃ ከመስመር እንዲመጣለት ነው የተሠራው፤ አገር ቤት ግን የወጥ ቤቱ ቧንቧ አብዛኛውን ጊዜ ቀዝቃዛ ነው። እዚያው ለ220 ቮልትና ለቀዝቃዛ ውሃ የተሠራ ግዛ፣ ለኮንቴይነሩ ቦታም ሌላ ነገር ጫንበት።

አዲስ ሙሽራ (አዲስ አበባ)

የኔ ደግሞ በበሩ ሥር አረፋ እያፈሰሰ ወለሉን ሞላው። ከዚያ ቆመ፣ ማሳያው ላይ ኢ15 የሚል ቁጥር አለ። የዲሽዋሸር ሳሙና አልቆብን ላርጎ ነው የተጠቀምነው። ተበላሸ ማለት ነው?

የቧንቧ ባለሙያ

አልተበላሸም፣ አትደናገጪ እህቴ። ላርጎ በእጅ ለማጠብ ነው የተሠራው፤ በሚረጨው ውሃ አረፋው ይበዛና በበሩ ይወጣል። በቦሽና በሲመንስ ማሽኖች ኢ15 ማለት ከታችኛው ሳጥን ውስጥ ውሃ ገብቶ መከላከያው ተነሥቷል ማለት ነው። ሶኬቱን ንቀዪ፣ የመግቢያውን ውሃ ዝጊ። አረፋውን በኩባያና በጨርቅ አውጪ፣ የቀረው ላይ ጨው በትኚበት፣ ይበርዳል። ከዚያ ሌላ ሰው አግዞሽ ማሽኑን ወደ ኋላ ቀስ ብላችሁ አዘንብሉት፣ እስከ 45 ዲግሪ፤ ከሥሩ ያለው ውሃ ይፈስሳል። ከካቢኔት ጋር የታሰረ ከሆነ መጀመሪያ ብሎኖቹን ፍቱ።

ደርቆ እስከ ነገ ይቆይ። ነገ ያለ ሳሙና አጭሩን ፕሮግራም አሠሪው። ቁጥሩ ከተመለሰ አረፋው ብቻ አይደለም፣ የሚያፈስ ጎማ ወይም ላስቲክ አለ፤ ያኔ ጎኑን ሳትከፍቺ ባለሙያ ጥሪ፣ ከታች ያለው ክፍል ኤሌክትሪክና ውሃ የሚገናኙበት ነው። ካልተመለሰ ደግሞ የበሩን ላስቲክ ዙሪያውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ፣ የአረፋው ቅሪት ከቀረበት ደህና አይገጥምም።